ባለቤት የሌለው ግስ

ቬርቼሊ፤ መዛግብት ቤት፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፤
የጋዜጣ ክምር በግራዬ፣ በቀኜ ደብዛዛ መብራት።
የመቶ ዓመት ወሬ በኮምፒውተር እፈታለሁ፤
እንደ ሩዝ አበጣሪ
ፍሬውን ከእብቁ፣ ግሱን ከስሙ እለያለሁ።

ለፕሮግራሙ ዓለም ሦስት ሳጥን ናት፤ ሌላ የላት፤
ማን፣ ምን አደረገ፣ ማንን፤ ያው ናት።
ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ።
ሦስቱን ሞልቼ ስጨርስ «ቀጥዪ» ይለኛል፣ «ሌላ አስገቢ»።

«ባለርስቶቹ የቀን ሒሳብ ቀነሱ።» ገባ።
«አራሚ ሴቶች ከማሳው ወጡ።» ገባ።
«ከኖቫራ ባቡር ሙሉ ወታደር መጣ።» እሱም ገባ።
«ውሃው ከጉልበት በላይ ነበር።» ይኼ ግን አልገባ፤
«ነበር» ድርጊት አይደል፣ ውሃም አይሆን ባለቤት፤
አርባ ቀን ታጥፈው የቆሙበት ውሃ
አንዲት ሳጥን አጣ፣ ለምልክት።

እኔም አራሚ ነኝ፤ ከነሱ ጋር አንድ ስም ነው ያለን፤
እነሱ ከሩዙ አረም፣ እኔ ከመዝገቡ ስሕተት፣
ጎንበስ ብለን እንነቅላለን።
እኔ ግን ወንበር አለኝ። እግሬ ደረቅ ነው።
አልቅትም የለ እዚህ።

ሰኔ ዐሥራ ሁለት፣ ገጽ ሦስት፣ ታችኛው ዐምድ ላይ፣
ከጥርስ ዱቄት ማስታወቂያ በላይ፣
አራት ቃል፦ «በድልድዩ አንዲት ሴት ተገደለች።»
እጄ ከቁልፎቹ በላይ ቀረች፣ እንደተንጠለጠለች።

ሰዋስው ብትጠይቁት፣ የግሱ ባለቤት ሟቿ ናት፤
መገደሏ እንደ ቤትና ቦታ በስሟ የተመዘገበላት።
ፕሮግራሙ ግን በዚህ አይረካም፤ አጥብቆ ይጠይቃል፦
አድራጊ?
ሳጥኑ ባዶ ነው። ቀይ ይበራል።
ካራቢኔሪዎቹ ከላይኛው ዐምድ አሉ፤ «ተሰለፉ»፣ «ጠበቁ»፤
ጥይቱ ሲጮኽ ግን ከዐረፍተ ነገሩ ራቁ።

የደንባችን ገጽ ዐሥራ አራት ለእንዲህ ዓይነቱ ያዘዘው ቃል አለ፦
«ያልታወቀ»። ጻፍኩት። አረንጓዴ ሆነ፤ ዝም አለ።

ከዚያ መልሼ ጠየቅሁት፤ ስንት «ያልታወቀ» አለህ?
ሦስት መቶ ዐሥራ ሰባት።
ሴቶቹ ሲያደርጉ ግሱ ጥርስ ያበቅላል፤
ጮኹ፣ ወረወሩ፣ ሰበሩ፣ መንገድ ዘጉ ይላል።
ሲደረግባቸው፦ ተኩስ ተሰማ፣ ክንድ ተሰበረ፣ ሦስት ቆሰሉ፤
ጥይት ራሱን አጉርሶ ራሱን እንደሚተኩስ ሁሉ።

ሥዕሉን ሳልልኝ አልኩት፤ ነጥብ ለሰው፣ ቀስት ለግስ።
መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ነጥብ ወጣ፣
መንገድ ሁሉ የሚነሣበት፣
ከተማ የሚያህል፣ አንድም ሰው የማይኖርበት፦
ያልታወቀ።

ኤቫሲዮ መጣ፣ ቁልፉን እያቃጨለ፤ ሊዘጋ ነው።
ስክሪኑን አየና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለው።
«ያልታወቀ? ኦርቴንሲያ፣ ሁለት አክስቶቼ እዚያ ውሃ ውስጥ ነበሩ፤
ያልታወቀ ሲሉ አልሰማሁም፤ በቤተሰቡ ስም ነበር የሚጠሩ፣
ምራቃቸውን ተፍተው።»
ስሙን ነገረኝ። የሟቿንም ነገረኝ፤ ዴልፊና፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ጫማዋን ለእኅቷ ሰጥታ የሄደች በጠዋቷ።

ደንቡን አውቀዋለሁ። እኔው ነኝ የጻፍኩት።
ከጽሑፉ ውጭ አንዲት ፊደል አትጨመርም።
ምራቅ ምንጭ አይሆንም፤ ግርጌ ማስታወሻ አይገባም።
ደግሞም ልክ ነው፤ ሁሉም የሰማውን ቢጨምር
መዝገቡ ገበያ ይሆናል።

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። መልሼ ሳብኩ።
ከአራቱ ቃል ሥር አዲስ መስመር ከፈትኩ።
ባለቤት፦ ጋዜጣው።
ግስ፦ ሸሸገ።
ተሳቢ፦ እጅ።

ኤቫሲዮ የጣራውን መብራት አጠፋ፤
ከማሳው በኩል የእንቁራሪት ጩኸት በመስኮቱ ገፋ።
ፕሮግራሙ ዞረ፣ ዞረ።

ገባ።

ሦስት መቶ ዐሥራ ስድስት ቀረ።